ታፔላ ጻፊውና የልጁ ስም

ታፔላ ጻፊው ዕድሜውን ሙሉ የሰው ስም ሲጽፍ የኖረ ሰው ነበር። የመድኃኒት ቤቱን፣ የጥርስ ሐኪሙን፣ የጫማ አዳሹን ስም ጽፏል። ከባቡር ጣቢያው ወደ ገበያው በሚወስደው ጎዳና ላይ በእሱ እጅ ያልተጻፈ ታፔላ ቢፈለግ ከሦስት አይበልጥም። ፕላስቲክ ላይ የሚያትመው ማሽን ከመጣ ወዲህ ሥራው ቀዝቅዟል፤ ሆኖም «የማሽን ፊደል ደም የለውም» የሚሉ ሽማግሌ ባለሱቆች ጨርሰው ስላላለቁ ብሩሹ ደርቆ አያውቅም።

ልጁ አንድ ነው። በሃያ አራት ዓመቱ የመርከብ መካኒክ የሆነ፣ ጥፍሩ ሥር ግሪስ የማይጠፋ፣ ቤት ሲገባ ከሰላምታ በፊት ማቀዝቀዣ የሚከፍት ልጅ። ቀልዱ ከእናቱ፣ ግትርነቱ ከአባቱ ነው ይሉታል። ዝናቡ ሊጀምር ሲል ዕቃ ጫኝ መርከብ ላይ ተቀጥሮ ሄደ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ አባቱ መሰላል ላይ ቆሞ የዳቦ ቤት ታፔላ እየቀባ ሳለ ስልኩ ጠራ። ሚስቱ ነበረች። «ና» አለችው፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ሚስቱ ሲፈጥራት ወሬ የማያልቅባት ሴት ናትና ያቺን ብቸኛ «ና» ሲሰማ ብሩሹን እንደያዘ ከመሰላሉ ወረደ።

መርከቡ በማዕበል ተገልብጧል። ከአሥራ አራቱ ሠራተኞች ሦስቱ በሕይወት ተገኙ፤ የሰባቱ አስከሬን ወጣ። አራቱ ግን የደረሱበት አልታወቀም። ልጁ ከአራቱ አንዱ ነው።

ሞተ ቢሉት ያለቅስ ነበር። ተረፈ ቢሉት መሬት ላይ ተደፍቶ ያመሰግን ነበር። «የደረሰበት አልታወቀም» ሲሉት ግን ሰው ምን ያደርጋል? ታፔላ ጻፊው ሰኞ ሰኞ አውቶቡስ እየተሳፈረ ወደ ወደቡ ቢሮ መመላለስ ያዘ። እዚያ ግድግዳ ላይ የአራቱ ስም ተለጥፏል፤ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ባዶ ሳጥን አለ። ጸሐፊዋ መጀመሪያ ሰሞን ወንበር እየሳበች ውሃ ትሰጠው ነበር። በኋላ በኋላ በመስታወቱ በር ገና ስታየው አንገቷን ነቅንቃ ወረቀቷ ላይ ማቀርቀር ጀመረች፤ እሷስ ምስኪን ምን ታድርግ። እሱ ግን ዝርዝሩ ፊት ይቆማል፣ የልጁን ስም ያነባል፣ ሳጥኑ አሁንም ባዶ መሆኑን ያያል፣ ይመለሳል።

ሚስቱ አንድም ቀን አብራው አልሄደችም። በሆስፒታል የአንሶላ ክፍል ኃላፊ ናት፤ ከሃያ ዓመት በላይ የታማሚና የሟች አንሶላ ስትለይ ኖራለች። ቁርጥ ያለ ነገር ትወዳለች።

«እንቀመጥ» አለችው ከሁለት ወር በኋላ፣ አንድ ጠዋት ሸሚዙን እየቆለፈ ሳለ።

«ለምን?»

«ለምን ትለኛለህ?»

«ማን ሞተና ነው የምንቀመጠው?»

አይሁድ ናቸው። በእነሱ ዘንድ ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ሰባት ቀን መሬት ወይም ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ሰው ይመጣል፣ ጸሎቱም ከምኩራብ ወደ ሐዘንተኛው ቤት ይዞራል። እሷ የፈለገችው ያንን ነበር። ሰው እንዲመጣላት፣ በር ተከፍቶ እንዲውል፣ አንድ ጊዜ አልቅሳ እንዲወጣላት። እሱ ደግሞ መቀመጥ ማለት በገዛ እጁ ልጁን ባሕር ውስጥ መወርወር መሰለው።

ነገሩ ሲከር ረቢውን ጠሩት። የምኩራቡ ረቢ ወጣት ነው፤ ከልጃቸው በስድስት ዓመት ቢበልጥ ነው። ኮፍያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«ሕጉ እንዲህ ነው» አለ። «አስከሬን ከተገኘ ሐዘኑ ከቀብር ይጀምራል። ካልተገኘ ግን ቤተሰቡ ተስፋ ከቆረጠበት ቀን ይጀምራል።»

«ቀኑን ማን ይወስናል?» አለች ሚስት።

«እናንተው ናችሁ።»

«እርስዎ ቢወስኑልንስ?»

«እትዬ፣ ይህን ያህል ሥልጣን የሰጠኝ የለም። ቢሰጠኝም እሸሽ ነበር።»

«እንግዲያው ማንም አያስገድደኝም» አለ ታፔላ ጻፊው።

«ማንም አያስገድድዎትም፣ ጋሼ።»

«እኔስ?» አለች ሚስት። «እኔ ተስፋ ቆርጫለሁ። ብቻዬን ልቀመጥ?»

ረቢው ኮፍያውን አዟዟረው። «ሕጉ አይከለክልዎትም። ግን በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ መሬት ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ፣ ሌላው መስኮት ላይ ቆሞ ሲጠብቅ… እኔ ብሆን ትንሽ እታገሥ ነበር።»

እሷም ታገሠች። መታገሥ ይባል እንደሆነ እንጃ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወሬዋ ተቋረጠ። ወጥ ቤት ውስጥ የሚሰማው የሳህንና የማንኪያ ድምፅ ብቻ ሆነ። ባልና ሚስት በአንድ አልጋ ላይ እንደ ሁለት አገር ሰው ተኙ።

በዚያው ሰሞን እጁ እምቢ አለው። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት አዲስ ታፔላ አዛው ነበር። ሰሌዳውን ነጭ ቀባ፤ ሲደርቅ በጠመኔ የታሸ ክር ወጥሮ ሳብ አድርጎ ለቀቀው፤ መስመሩ ቀጥ ብሎ ወጣ። ብሩሹን ቀለም አስነክሮ እጅ ማሳረፊያ ዱላውን ደገፍ አለ። የመድኃኒት ቤቱ ስም የሚጀምርበት ፊደል የልጁ ስም የሚጀምርበት ፊደል ነው። ብሩሹ አየር ላይ ቀረ። ቀለሙ አንድ ሁለት ጠብታ ጫማው ላይ እስኪወርድ ድረስ እንዲያ ቆመ። ከዚያ ብሩሹን በቲነር አጥቦ፣ ሰሌዳውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሱቁን ዘጋ። ለመድኃኒት ቤቷ ባለቤት «እጄን ቁርጥማት ይዞኛል» አላት። ቅባት ሰጠችው።

ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ነው፤ የአርባ ዓመት ጓደኛው። ምላሱ ከመርፌው የፈጠነ፣ ቀብር ላይም ቢሆን ቀልድ የማያልፈው ሰው። ሱቁ አንድ ሳምንት ሙሉ ተዘግቶ ሲያይ እቤት ድረስ መጣ።

«ምን ትሠራለህ እዚህ?»

«ምንም።»

«ግድግዳ እያየህ ነዋ! አንተ ግድግዳ የምትቀባ ሰው እንጂ ግድግዳ የምታይ ሰው ነህ እንዴ? ተነሥ። የምኩራቡን ምድር ቤት አጽድተናል።»

ያ ዓመት ለሁሉም ክፉ ነበር። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተዘግቶ ከምኩራቡ ሰው ግማሹ ሥራ ፈትቷል። ወጣት የተባለ ሁሉ ሻንጣውን ይዞ እየሄደ፣ የቀረው ሠላሳ ቤተሰብ ቢሆን ነው። የምኩራቡ መስኮት ሁለት ጊዜ በድንጋይ ተሰብሯል፤ ሦስተኛ ጊዜ መስታወት ከማስገባት ብለው ጣውላ መትተውበታል። ሰው በየቤቱ ተዘግቶ ከሚበሰብስ እሑድ እሑድ ከሰዓት አንድ ቦታ ተገናኝቶ እጁን ያፍታታ ያለው ልብስ ሰፊው ነው። ምን እንደሚሠሩ ግን አላሰበበትም።

«ፊደል አስተምረን» አለው።

«እጄ አልታዘዝ ብሎኛል።»

«እኛን ምላስህ ይበቃናል። ደግሞስ ሰኞ ሰኞ እዚያ ወደብ እየሄድክ… ውሃ የወሰደው አረፋ ይጨብጣል ሲሉ…»

ተረቱ ከአፉ ካመለጠ በኋላ ነው ምን እንዳለ የገባው። ልብስ ሰፊው ደሙ ከፊቱ ሸሸ።  በአርባ ዓመት ጓደኝነት ቃል ሲያጥረው ያየው ያኔ ነው። ታፔላ ጻፊው አልተቆጣም። መቆጣትም አቅም ይጠይቃል። ጓደኛው እንዲያ ሲርበተበት ማየት ስለከበደው ብቻ ኮቱን አንሥቶ «ና እንሂድ» አለው።

ምድር ቤቱ የእርጥብ ኖራ ሽታ አለው። የተሰባበሩ ወንበሮች ወደ ጥግ ተገፍተው ሁለት ረጃጅም ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ ተነጥፏል። ስምንት ሰው መጥቷል፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር፣ ከፋብሪካው የተባረሩ ሁለት እህትማማቾች፣ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከአንድ ቃል በላይ የማይናገር ሰዓት ጠጋኝ፣ ሌሎችም። ታፔላ ጻፊው ምን እንደሚላቸው ጨነቀው። በመጨረሻ ያው የሚያውቀውን ነገራቸው።

«ዛሬ ፊደል አንጽፍም። ከላይ ወደ ታች አንድ መስመር ብቻ። ትንፋሽ ሳትወስዱ።»

ሁለት ሰዓት ሙሉ ከላይ ወደ ታች መስመር ሲያሰምሩ ዋሉ። የሒሳብ መምህሩ ማስመሪያ ይዤ ካልሠራሁ ብለው ተከራከሩ። የልብስ ሰፊው መስመር እየተንገዳገደ ከጠረጴዛው ሊወርድ ደረሰ።

«ይቺ መስመር ጠጥታ ነው የመጣችው» አለ ልብስ ሰፊው ራሱ።

ታፔላ ጻፊው ሳቀ። ሳቁ ከየት እንደመጣ አላወቀም፤ እንደ ማስነጠስ ነው ያመለጠው። ወዲያው ደነገጠ። ልጄ የት እንዳለ ሳላውቅ እኔ እዚህ እስቃለሁ ብሎ ራሱን ጠላ። ደረጃውን ሲወጣ ሁለተኛ አልመለስም ብሎ ነበር። በሳምንቱ እሑድ ግን ሰዓቱ ሲደርስ እግሩ ወሰደው።

እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ወር ሄደ። ቀጥታው መስመር አለቀ፤ ጎባጣው መጣ፤ ቀለበቱ መጣ። እሱ ራሱ ግን ብሩሽ አልያዘም። በሰዎቹ መሀል እየተዘዋወረ «የእጅህን አንጓ ሳይሆን ክንድህን አንቀሳቅስ» ይላል፤ «ቀለም አትሰስቺ፣ ብሩሹን ጠገብ አድርጊው» ይላል። ሰዓት ጠጋኙ አንድ ቀን በራሱ ጊዜ «ሚስቴ ፊደሏ ያምር ነበር» አለ። ሁሉም መቀባታቸውን ቀጠሉ። እሱም ቀጠለ። በዚያች ምድር ቤት ማንም ማንንም «በርታ» አይልም፤ ታፔላ ጻፊውም የሚመለሰው ለዚያ ሳይሆን አይቀርም።

በአምስተኛው እሑድ ሚስቱ ደረጃውን ወርዳ መጣች። የሆስፒታሉን ጥቁር ሰማያዊ ጋውን እንደለበሰች ነው። ሁለቱ እህትማማቾች ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁላት።

«እኔም ልማር» አለች፣ ባሏን ሳታይ።

ሌላውን እንዳስተማረው ከቀጥታ መስመር ጀመረላት። አንሶላ ስታጥፍ የኖረች እጅ ስለሆነች ቶሎ ገባት። በቀጣዩ እሑድ «የምፈልጋቸው አራት ፊደሎች ብቻ ናቸው» አለችው። አንደኛዋን ጠራችለት። ጠመኔ አንሥቶ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሠራላት። ሁለተኛዋን ጠራች። ሁለተኛዋን ሲሠራ ነው ጆሮው ውስጥ የሆነ ነገር ጭው ያለው። ሦስተኛዋን ሳትጠራው ያውቃታል።

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ገብቶታል። ልብስ ሰፊው እንኳ አንገቱን ደፍቷል።

እምቢ ማለት ይችል ነበር። ውጪ፣ አላስተምርሽም ማለት ይችል ነበር። ነገር ግን ሁለት ወር ያህል አጠገቡ በዝምታ የኖረችውን ሴት አየ፤ ብሩሹን እንደ ሙቀት መለኪያ በሦስት ጣቷ ይዛለች፤ ከንፈሯን ነክሳለች። ሦስተኛዋን ፊደል ሠራላት። አራተኛዋንም ሠራላት።

ለሦስት እሑድ እነዚያን አራት ፊደሎች ብቻ ስትጽፍ ቆየች። በጋዜጣ ላይ፣ በካርቶን ላይ፣ በአሮጌ ጣውላ ላይ። አራተኛዋ ፊደል አልወጣላት አለች፤ መጨረሻ ላይ የሚዞረው ጅራቷ ሁልጊዜ ይሰበራል።

«እንዴት ነው እሱ?» አለችው።

«ቀስ ብለሽ ጀምረሽ መታጠፊያው ላይ ፍጠኚ።»

«ፈጠንኩ እኮ። አየኸው፣ ተሰበረ።»

«እንደገና።»

«ተሰበረ ስልህ!» አለች። «አልወጣ አለኝ። እጄን ያዝልኝ።»

ከኋላዋ ቆሞ እጇን ያዘ። በሁለት እጅ አንድ ብሩሽ። ፊደሏ ላይ ሲደርሱ የሚመራት እሱ ነበር፤ ጅራቷን ያዞረው የእሱ ክንድ ነው። ሲጨርሱ ጣውላው ላይ የልጃቸው ስም ሙሉ ሆኖ ረጥቦ ያበራ ነበር። ታፔላ ጻፊው እጁን ከእጇ ላይ አላነሣም፤ ማንሣት አልቻለም። ሌሎቹ ሰዎች አንድ በአንድ ብሩሻቸውን አስቀምጠው ወደ ላይ ወጡ።

«ላይ አዳራሹ በር አጠገብ ያለው የሙታን ሰሌዳ» አለች ቀስ ብላ። «እዚያ ልጽፈው እፈልጋለሁ።»

«ሰኞ ወደቡ ደርሼ ልምጣ» አላት። 

ሰኞ ወደቡ ቢሮ ሲገባ ዝርዝሩ የለም። አራት የማጣበቂያ ፕላስተር ምልክት ግድግዳው ላይ ቀርቷል። ጸሐፊዋ ከወንበሯ ተነሥታ መጣች።

«አባቴ፣ ፍለጋው ዓርብ ተዘግቷል» አለችው። «ደብዳቤው ገና አልደረሳችሁ ይሆናል።»

«ወረቀቱስ?»

«ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሄደ።»

«እዚያ ልደውል?»

«ይደውሉ… ቢደውሉም የሚነግሩዎት ይህንኑ ነው።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ይቀመጡ ትንሽ።»

አልተቀመጠም። ባዶው ግድግዳ ፊት እንደ ወትሮው ቆሞ፣ የሚነበብ ነገር እንዳለ ሁሉ ከላይ እስከ ታች አየው። ከዚያ ወጣ።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ካውያ ይዛ ቆማ ነበር።

«ዝርዝሩን አንሥተውታል» አላት። ካውያውን አስቀመጠች። «ልቀመጥ ነው» አላት። «ግን ቃሉን ማለት አልችልም። ተስፋ ቆረጥኩ ማለቱን። መንገድ ላይ ሞከርኩት፤ አፌ እምቢ አለኝ። አንቺ በይልኝ።»

«ላንተ እንዴት አድርጌ እላለሁ?»

«በይው ብቻ። እኔ ዝም እላለሁ።»

ረቢው ሲመጣ ቃሉን እሷ ተናገረች። ረቢው ወደ እሱ ዞሮ «ጋሼ?» አለ። ታፔላ ጻፊው መሬት መሬቱን አየ። ረቢው ጠበቀ፤ ብዙ ጠበቀ። በመጨረሻ «ይበቃል» አለና ሁለቱንም ልብሳቸውን ደረታቸው ላይ እንዲቀድዱ ረዳቸው።

ሰባት ቀን ተቀመጡ። በሩ ተከፍቶ ዋለ። የፋብሪካ ሰዎች፣ የሆስፒታል ሰዎች፣ ስማቸውን የማያውቃቸው የታፔላ ደንበኞች መጡ። እሑድ ከሰዓት ስምንቱ የምድር ቤት ሰዎች በአንድነት ገቡ፤ ጥፍራቸው ላይ ቀለም እንዳለ ነው። ልብስ ሰፊው አንድም ነገር ሳይናገር አንድ ሰዓት ሙሉ አጠገቡ ተቀምጦ፣ ሲወጣ ትከሻውን ጨብጦት ሄደ። እናትየው አለቀሰች፤ አልቅሳም ወጣላት፤ በአምስተኛው ቀን ልጁ በሰባት ዓመቱ የግድግዳ ሰዓት ፈታትቶ መግጠም እንዳቃተው ስታወራ ሰውን አስቃለች። አባትየው አላለቀሰም። እንባው የት እንደገባ ለራሱም ገረመው። ሰው ሲገባ ቀና ይላል፤ የሚጠብቀው ሰው ሳይሆን ሲቀር፣ አንዱም እሱ አልነበረምና፣ ያቀረቅራል።

ወሩ ሲሞላ ሰሌዳው ዘንድ ሄዱ። ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ ግድግዳውን ግማሽ የሚሸፍን ጣውላ ነው፤ ስሞቹ በወርቅማ ቀለም ተጽፈዋል፤ ያለፉት ሠላሳ ዓመታት ሙታን በሙሉ የእሱ የእጅ ጽሑፍ ናቸው። መሰላሉን አቆመ፤ ክር ወጥሮ መስመር አሰመረላት። ከስሙ ጎን የሞት ቀን ይጻፋል። ታፔላ ጻፊው ለቀኑ የሚሆነውን ቦታ ለክቶ ምልክት አደረገ፤ የሚጻፍ ግን አልነበረም። ረቢው «ቀኑ ካልታወቀ አንዱን ቀን መምረጥ ይቻላል» ብሏቸው ነበር። ሁለቱም መምረጥ አልቻሉም። ባዶውን ተዉት።

ሚስቱ መሰላሉ ላይ ወጣች። እሱ መሰላሉን በሁለት እጁ ያዘ። አንደኛዋ ፊደል አማረች። ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ ተጠጋጉ። አራተኛዋ ላይ ስትደርስ ጅራቷ ተሰበረ።

«ቀጥ አለ?» አለች ከላይ።

«አላለም።»

«በቲነር ላጥፋውና አንተ ትጽፈዋለህ?»

ቀና ብሎ አየው። በዚያ ሰሌዳ ላይ ካሉት ስሞች ሁሉ የተጣመመው እሱ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ በገባ በወጣ ቁጥር ያየዋል። ማስተካከል የእሱ ሙያ ነው፤ የሁለት ደቂቃ ሥራ። እጁ ግን ከመሰላሉ አልተነሣም።

«ተይው» አላት። «አልችልም።»

ወረደች። ቀለሙ ላይ እፍ አለች። በዚያ ሰዓት ልብስ ሰፊውና የሒሳብ መምህሩ ለማታው ጸሎት መምጣት ጀመሩ፤ ሰዓት ጠጋኙና ሌሎችም መጡ፤ እየቆሙ ሰሌዳውን አዩ፤ ማንም ስለ ፊደሉ አላነሣም። ታፔላ ጻፊው እጁን ታጥቦ አብሯቸው ገባ። ጸሎቱ እንዲጀመር አሥር ወንድ ያስፈልጋል፤ ቢቆጥሩ ዘጠኝ ናቸው። ረቢው በሩ ላይ ወጥቶ መንገዱን ወዲህ ወዲያ አየ፤ ሰው የለም። ልብስ ሰፊው «ይመጣል አንዱ» አለ።

ሚስቱ ከኋላ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ጣቷ ላይ የደረቀውን ወርቅማ ቀለም ትፍቃለች። ታፔላ ጻፊው ኮቱን ሰብስቦ ከሰዓት ጠጋኙ አጠገብ ተቀመጠ። ዘጠኙም ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ጠበቁ።